ከውጭ ቆማ ጠበቀችኝ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1988

መስፍን አንድ ቃል ለወጠብኝ። አንድ ቃል ብቻ። ገጹን በሙሉ ቢጥለው ይሻለኝ ነበር።

መጽሔቱ ዛሬ በፖስታ ደረሰ። የአህመዳባድ ጉዞዬ መሃል ገጹ ላይ ነው። የፖስታ ሣጥኑን ሳልዘጋ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ሁለት የፊደል ግድፈት አለበት፤ አንድ አንቀጽ ተዘሏል። ይህን ለምጄዋለሁ። ከዚያ አንድ ሐበሻ ካሠራው መስጊድ ደረስኩ።

እኔ የጻፍኩት፦ «ሴቶች ስለማይገቡ እህቴ ከውጭ ቆማ ጠበቀችኝ።»

የወጣው፦ «ሴቶች ስለማይገቡ እህቴ ከውጭ ቆማ ተሳለመች።»

ሠላሳ ዓመት ጋዜጣ ላይ ኖሬያለሁ። ሳንሱር ቆርጦብኛል። አለቃ ስሜን ፍቆ የራሱን ጽፎበታል። አንድ ጊዜ የሞተ ሰው ንግግር አደረገ ብለው በእኔ ስም አውጥተዋል። አንዳቸውም ግን እህቴን መስጊድ አላሳለሙብኝም።

ቢፐሩ ላይ ደወልኩ። መስፍን ቀን ታክሲ ይነዳል፤ መጽሔቱን የሚያዘጋጀው ኤርፖርት ሰልፍ ላይ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ነው። ከመንገድ ዳር ስልክ መልሶ ደወለልኝ።

«ጋሼ ታደሰ! አርቲክሉ አሪፍ ነው፣ ሰው ሁሉ ወዶታል።»

«ተሳለመች የሚለውን ማን አስገባው?»

«እኔ ነኛ። ጠበቀችኝ ደረቅ ሆነብኝ፤ ትንሽ ኤዲት አደረግኩት።»

«አየሃት?»

«ማንን?»

«ስትሳለም።»

ሳቀ። «ኧረ ጋሼ፣ እኔ ህንድ አገር መቼ ሄድኩ!»

ስልኩን ዘጋሁበት። መስጊድ መሳለም ነውር ነው ማለቴ አይደለም። ያልሆነ ነገር ነው ማለቴ ነው። ይህን የሚለይ ሰው በዚህ ከተማ ስንት አለ?

እሱ ያልገባው ሌላም አለ። እሑድ የሶስና ልጅ ሰማንያ ቀኗ ነው፤ ክርስትና ትነሳለች። ክርስትና እናቷ እህቴ እትዬ ዘነቡ ናት። ሶስና ከአዲስ አበባ ስትመጣ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ እኛ ቤት ነው የተቀመጠችው፤ ኮሌጅ እስክትጨርስ ያበላቻትም የቆጣቻትም እህቴ ናት። እትዬ ዘነቡ አላገባችም፤ አልወለደችም። የሰው ልጅ ስታሳድግ ኖራለች። አበልጅ ሁኚ ያላት ግን እስከ ዛሬ አልነበረም። ሶስና ስትጠይቃት ወደ ኩሽና ገብታ ቧንቧ ከፍታ ቆየች። የልጅቱን ቀሚስ ከአህመዳባድ በገዛችው ነጭ ጥጥ ራሷ ሰፍታዋለች። ጨርቁን ስትመርጥ ግማሽ ቀን ገትራኛለች።

ማታ «ስሜ ወጣ?» ብላ ጠየቀችኝ። ወጥቷል አልኳት። መነጽሯን የት እንዳደረገች እየፈለገች ስለነበር አላነበበችውም። መጽሔቱን ከፍራሼ ሥር ከተትኩት። በስድሳ ዓመቴ።


ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 29

ወሬው ላንድማርክ፣ እነ ሶስና ቤት ደርሷል።

ቀኑን ማተሚያ ቤት የአንድ ምግብ ቤት ሜኑ ሳርም ዋልኩ። ምግብ ቤቱ ኪራይ ጨምሮበት ከዩ ስትሪት ሊለቅ ነው፤ አድራሻው ተለውጦ ክትፎው ግን በሦስት ዓይነት ፊደል ነው የተጻፈው። አረምኩት። ማንም አላመሰገነኝም፤ እሱ ልክ ነው። እርማት ካልታየ ነው ጥሩ የሚሆነው።

ቤት ስገባ የሶስና መልእክት ስልኩ ላይ ተቀድቷል። «ጋሼ፣ ፕሊስ ኮል አድርገኝ። እትዬ ሳትሰማ።»

ደወልኩ። የባሏ እናት ወይዘሮ ጥሩነሽ ልጅቱ ስትወለድ ነው ከአዲስ አበባ የመጡት። እዚህ የሚያነቡት ስለሌላቸው መጽሔቱን ከሐበሻ ሱቅ አስገዝተው ከዳር እስከ ዳር አንብበውታል፤ ማስታወቂያውን ሳይቀር። «መስጊድ የተሳለመች ሴት የልጅ ልጄን ክርስትና አታነሳም» ብለዋል። ባልቲሞር ያለች ዘመዳቸውን ነጭ ልብስ እንድታዘጋጅ ነግረዋታል።

«ዳዊትስ ምን አለ?» አልኩ፤ ባሏን ማለቴ ነው።

«ዩ ኖው ሂም ጋሼ፣ ዝም ነው የሚለው። እናቱን አይናገርም። አይ ዶንት ኖው ዋት ቱ ዱ። እትዬ ከቀረች እኔም አልሄድም፣ ልጄም ትቅር።» ታለቅሳለች። ከጀርባዋ ልጅቱም ታለቅሳለች።

የአዘጋጁ ስህተት መሆኑን ነገርኳት። እሱን ለአባ ንገርልኝ አለች። የእህቴ የነፍስ አባት ለእነሱም የነፍስ አባት ናቸው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ይመጣሉ። እስከዚያ ካልተስተካከለ የባልቲሞሯ ሴትዮ ናት።

ማን ላይ እንደተናደድኩ ላስቀምጠው፦

መስፍን ላይ፣ ሳያይ ስለጻፈ።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ላይ፣ ባነበቡት ነገር ሁሉ ስለሚያምኑ። አንባቢ ማለት እሳቸው ናቸው፤ እሱ ደግሞ ይብሳል።

ዳዊት ላይ፣ ዝም ስላለ።

እኔ ላይ፣ እህቴን እዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስላስገባሁ። ስለ መስጊዱ የድንጋይ መስኮት እየጻፍኩ እሷ ምን ልትሠራ ገባች?


ረቡዕ፣ ሚያዝያ 30

የሆነውን እንደ ዜና አድርጌ ላስቀምጠው። ቅዳሜ ስጠየቅ እንዳልደናበር።

ኩሱም ጀርመንታውን የምትኖር የመድኃኒት ባለሙያ ናት። ፒያሳ ተወልዳ ያደገች ህንድ ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ ልጆች አማርኛ ይሻላል። አባቷ ፒያሳ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። እትዬ ዘነቡ ቀን ጨርቅ ስትለካ፣ ማታ ኩሱምን ስታዝል ኖራለች። ሱቁ ሲወረስ ቤተሰቡ ወደ አህመዳባድ ተመለሰ። ባለፈው ጥር መጨረሻ ወንድሟ ሲያገባ ኩሱም «እትዬ ዘነቡ ካልመጣች ሠርግ የለም» ብላ ሁለታችንንም ይዛን ሄደች። ከሠርጉ በፊት ከተማዋን አሳየችን።

መጀመሪያ የወሰደችን የእነሱ ቤተ መቅደስ ነው። ነጭ እብነ በረድ፤ ግቢው ዙሪያውን በትናንሽ መቅደሶች የታጠረ። ቆዳ የሚባል ነገር አይገባም። ቀበቶዬንና የኪስ ቦርሳዬን በር ላይ አስረክቤ ሱሪዬን በአንድ እጄ፣ ብዕሬን በሌላው ይዤ ዞርኩ። እትዬ ዘነቡ ማንም ሳይነግራት ጫማዋን አውልቃ ቀድማኝ ገብታ ነበር። ሳምንቱ ጾመ ነነዌ ነበር። ሥጋ የማይበላ፣ እንቁላል የማይበላ፣ ሽንኩርት እንኳ የማይቀምስ ቤት ውስጥ ነን፤ እህቴ ግን የምትበላው አጣች። ሁሉም ቅቤና ወተት አለበት። የኩሱም እናት «የናንተ እግዚአብሔር ከኛም ይከብዳል» ብለው ሳቁ፤ ለእሷ ለብቻዋ ሩዝ በውሃ ቀቀሉላት።

ከዚያ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ጉድጓድ ሄድን። ጉድጓድ ማለት ያንሰዋል። ቤተ መንግሥትን ገልብጠው መሬት ውስጥ የቀበሩት ይመስላል፤ ምሰሶ በምሰሶ ላይ፣ ደረጃው ወደ ታች፣ ወደ ጨለማ፣ ወደ ቅዝቃዜ። ውሃው መጨረሻ ላይ ነው። እትዬ ዘነቡ «ጸበል ነው?» ብላ ጠየቀች። ኩሱም «አይ እትዬ፣ የመንገደኛ ውሃ ነው» አለቻት። «ይህን ሁሉ ደረጃ ወርዶ ውሃ ብቻ?» አለች እህቴ። አልተዋጠላትም።

መስጊዱ በማግሥቱ ነው። ትንሽ ነው። ሪክሾውና አውቶቡሱ ዙሪያውን እየጮኸ ይዞረዋል። ያሠራው ከአራት መቶ ዓመት በፊት ከሐበሻ አገር ባሕር ተሻግሮ የሄደ፣ እዚያ ባለ ሥልጣን የሆነ ሰው ነው። በባርነት ነው የሄደው የሚሉ አሉ፤ ማረጋገጥ ስላልቻልኩ አልጻፍኩም። ከኋላው ግድግዳ የድንጋይ መስኮቶች አሉ፤ አንደኛው ዛፍ ነው። ድንጋዩ ተቦርቡሮ ግንድ ሆኗል፣ ቅርንጫፍ ሆኗል፣ እርስ በርሱ የሚጠላለፍ ሐረግ ሆኗል። ብርሃኑ በቅጠሎቹ መሃል ነው የሚገባው። ስዕሉን በደብተሬ ልቀዳ ሞክሬ ሦስት ጊዜ ቅርንጫፉ ጠፋብኝ።

ዘበኛው ሴቶቹን ወደ ውጭ፣ እኔን ወደ ውስጥ በእጁ አመላከተን። ብዙ ቆየሁ። ስወጣ ባርኔጣዬን አጠለቅኩ፤ መላጣ ነኝ፣ ያገር ፀሐይም የሰው አገር ፀሐይም አይምረኝም። እትዬ ዘነቡ ከግንቡ ጥላ ሥር ቆማ ነበር። ነጠላዋን ራሷ ላይ አድርጋለች፤ ያ ፀሐይ ማንንም ያስከናንባል። «ጨረስክ?» አለችኝ። ጨረስኩ አልኳት። ኩሱም ሪክሾ ጠራች።

ይኸው ነው። ያየሁት ይህ ነው፣ የጻፍኩትም ይህንኑ ነው።

ከሥራ በኋላ መስፍንን ዩ ስትሪት አገኘሁት። ሥጋ አዝዞ ጠበቀኝ፤ አልበላሁም። በመጀመሪያ ተከራከረኝ።

«ጋሼ፣ በማርያም፣ ሐበሻ ደጀ ሰላም ደርሶ ዝም ብሎ ይቆማል እንዴ? ካልገባ ከውጭ ይሳለማል። እናቴ አውቶቡስ ላይ ሆና ነው የምትሳለመው። ‹ቆማ ጠበቀችኝ› ሲሉ ባስ የምትጠብቅ ነው የመሰለኝ።»

«መስጊድ ነው እኮ!»

«ሐበሻ የሠራው ነዋ! እርስዎ ነዎት የጻፉት።»

የሶስናን ነገር ስነግረው ግን ሹካውን አስቀመጠ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ይህ ነው የሚያበሽቀኝ። ክፉ ቢሆን ተሳድቤ እገላገል ነበር። በሚቀጥለው እትም እርማት አወጣለሁ አለ። የሚቀጥለው እትም ክርስትናው ካለፈ በኋላ ነው የሚወጣው። እንግዲያ ቅዳሜ ራሴ መጥቼ ለአባ እነግራለሁ፣ ታክሲውን አቆማለሁ አለ። አመሰገንኩት፤ በግድ።


ሐሙስ፣ ግንቦት 1፣ ልደታ

ሳልጠራ ላንድማርክ ሄድኩ። ቅዳሜን መጠበቅ አልቻልኩም። ድልድዩ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሞ ስለነበር ንግግሬን ሁለት ጊዜ ደገምኩት።

ልደታ ደጅ ነው የምትከበረው። ሰባተኛ ፎቅ ላይ ደጅ የለም። የሕንጻው ኃላፊ በረንዳ ላይ እሳት ከልክሏል። ወይዘሮ ጥሩነሽ ንፍሮውን ቤት ቀቅለው፣ በበረዶ መያዣ ሣጥን አድርገው፣ መኪና ማቆሚያው ዳር ያለች ሣር ላይ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ሌሎች የሕንጻው ሴቶችም ወርደዋል። አንድ አሜሪካዊ ውሻውን እየጎተተ ሲያልፍ ጥቂት ንፍሮ ሰጡት፤ ተቀብሎ ሄደ።

«አቶ ታደሰ፣ ይቀመጡ። ይቅመሱ።»

ተቀመጥኩ፣ ቀመስኩ። ከዚያ ነገሩን አነሳሁ።

«እኔ ነኝ ጽሑፉን የጻፍኩት። ያንን ቃል ግን እኔ አልጻፍኩትም።»

«ጻፍኩት ነው የሚሉት ወይስ አልጻፍኩትም?»

«ጽሑፉን ጻፍኩ። ቃሉን አልጻፍኩም።»

«ስምዎ ግን ከላይ አለ» አሉ፤ ረጋ ብለው ባቄላ እየላጡ።

ወይዘሮ ጥሩነሽ እንደ ዳኛ ነው የሚናገሩት፤ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። እህትዎን አልጠላም፣ ጨዋ ሴት ናቸው አሉኝ። «ግን እኔ ልጄን ለዚህ አገር ሰጥቻለሁ። ጾም አያውቅ፣ በዓል አያውቅ፤ ልደታ ነው ብለው ልደታ ደግሞ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። እሺ ብያለሁ። የልጅ ልጄን የሚያነሳት እጅ ግን ሰው ጥያቄ የማያነሳበት እጅ ይሁን። ይህን አንድ ነገር ብቻ ልያዝ።»

የሚሉት ስለገባኝ የበለጠ ተናደድኩ። ቅዳሜ አዘጋጁ ራሱ መጥቶ ይናገራል አልኳቸው። ይምጣ አሉ። ንፍሮ ጠቅልለው ለእህቴ ላኩላት። ይህንንም ምን እንደምለው አላውቅም።

ቤት ስገባ እትዬ ዘነቡ አልጋዬን አንጥፋ ጨርሳለች። መጽሔቱ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ መነጽሯ በላዩ ላይ።

«ይህን መስፍን ነው የጻፈው?» አለችኝ።

«እሱ ነው። አትጨነቂ፣ አስተካክለዋለሁ።»

«ተወው ታዴ።»

«እንዴት እተወዋለሁ?»

ትክ ብላ አየችኝ። ንፍሮውን ተቀብላ በቆመችበት አንድ አንድ እያለች በላችው። በጣም ተጎድታለች። መስፍንን ቅዳሜ አባ ፊት ቃል በቃል አስቆጥረዋለሁ።


ዓርብ፣ ግንቦት 2

ኩሱም ሥራ ቦታ ደወለችልኝ። ከሶስና ሰምታለች።

«ጋሼ፣ እሷን ጠይቀሃታል?»

«ምኗን ነው የምጠይቃት? እኔ እዚያ ነበርኩ!»

«አንተ ውስጥ ነበርክ» አለች። መድኃኒት የሚጠብቅ ሰው መጣባትና ዘጋች።

ኩሱምም ላይ ተናደድኩ። ሰው ሊያግዝ ደውሎ እንቆቅልሽ ይናገራል?

እትዬ ዘነቡ የልጅቱን ቀሚስ ስትተኩስ አመሸች። አንገቱ ጠበባት መሰለኝ፤ ፈታ እንደገና ሰፋችው።


ቅዳሜ፣ ግንቦት 3

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

አባ ሶፋው ላይ፣ ወይዘሮ ጥሩነሽ ከጎናቸው። ሶስና ልጅቱን ታቅፋ በር ላይ ቆማለች። ዳዊት ግድግዳውን ተደግፏል። እትዬ ዘነቡ ወንበር ላይ፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፤ ውስጡ የታጠፈው ቀሚስ አለ። መስፍን ክራባት አድርጎ መጣ። ክራባት አለው ብዬ አላስብም ነበር።

በደንብ ተናገረ። እውነቱን ነው። «አባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ጋሼ ታደሰ የጻፉት ‹ጠበቀችኝ› የሚል ነው። እኔ ሳላይ፣ ሳልጠይቅ ለወጥኩት። እትዬ ዘነቡንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ተነስቶ የእህቴን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ፤ እሷ ትከሻውን ይዛ ከለከለችው።

አባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወይዘሮ ጥሩነሽ «እንዲህ ከሆነማ…» አሉ። ሶስና ተነፈሰች። አሸንፌያለሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ የፈለግኩት ይህንን ነበር፣ ትክክለኛው ቃል በትክክለኛው ቦታው።

አባ ነገሩን ሊዘጉ ብለው ብቻ «አንቺስ ዘነበች፣ የምትይው አለ?» አሏት።

«አለኝ አባ። ተሳልሜያለሁ።»

በእጇ ወደ መስፍን አመለከተች።

«ልጁ አልዋሸም። እንዴት እንዳወቀው አላውቅም እንጂ አልዋሸም።»

«እትዬ!» አልኩ።

«አንተ ዝም በል፤ ውስጥ ነበርክ።»

አባ መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «ምን ብለሽ ተሳለምሽ?»

«ኩሱም የሠራው ሐበሻ ነው አለችኝ። ዘመድ ነበረው ወይ አልኳት፤ አላውቅም አለች። ይህን የመሰለ ነገር የሠራ ሰው፣ ባገሩ ቋንቋ አንድ ሰው እንኳ ነፍስ ይማር ብሎት ይሆን ብዬ አሰብኩ። ነጠላዬን ራሴ ላይ አደረግኩ። አማተብኩ። ድንጋዩን ሳምኩና ነፍስ ይማር አልኩ። ይኸው ነው አባ።»

«እስላም ነው እኮ!» አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ።

«አዎ። ሞቷልም» አለች እህቴ።

ከዚያ ወደ ሶስና ዞረች። «ልጅሽን ላነሳ እፈልጋለሁ፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ግን ክጄ ባነሳት ነገ ‹አትዋሺ› የምላት በየትኛው አፌ ነው?» ቀሚሱን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ማንም ያንሳት ማን፣ ይህን ትልበስ። አንገቱን አስፍቼዋለሁ።»

ዳዊት በዚህ ጊዜ «እማዬ» አለ። ይህን ብቻ። እናቱ ቀና ብለው አዩት፤ የሚቀጥለውን ጠበቁ፤ አልመጣም።

አባ እሺም አላሉ፣ እንቢም አላሉ። «ነገ ከቅዳሴ በፊት ነይ፤ ለብቻችን እንነጋገራለን» ብለው ተነሱ። ወይዘሮ ጥሩነሽ የባልቲሞሯም ሴትዮ ትምጣ አሉ፤ አባ እሱንም አልከለከሉም።

መኪና ማቆሚያው ላይ መስፍን ክራባቱን እየፈታ መጣ። «ጋሼ፣ ታዲያ እርማቱን ላውጣው ወይስ ልተወው? ልክ ነበርኩ ማለት ነው እኮ።»

«ልክ አልነበርክም!» አልኩት። ጮኽኩ፤ ሣሩ ላይ የሚጫወቱ ልጆች ዞር አሉ። «አላየህም! አልጠየቅክም! ሳታይ የጻፍከው እውነት ሆኖ ቢገኝ ዕድል ነው እንጂ ሥራ አይደለም!»

«እሺ ጋሼ» አለ። «እርስዎስ አይተው ነበር?»

መኪናዬ ውስጥ ገባሁ።

እትዬ ዘነቡ ቀበቶዋን አስራ ትጠብቀኛለች። ሀይዌዩ ላይ እስክንወጣ ችዬ ያዝኩት፤ ከዚያ ፈነዳሁ። «ለምን አልነገርሽኝም? ሳምንቱን ሙሉ ስሯሯጥ፣ ሰው ፊት ስከራከር፣ ንፍሮ እየበላሁ ስለማመጥ!»

«አልጠየቅከኝም።»

«ተወው ብቻ አልሽኝ!»

«ተወው አልኩህ፤ ተውከው? ለመስፍን ስለ እኔ ነገርክ። ለጥሩነሽ ነገርክ። ለአባ ልትነግር መጣህ። እኔን አንድ ቀን ‹ምን አደረግሽ› አላልከኝም። አንተ እኮ ጋዜጠኛ ነህ ታዴ።»

ቤት እንደደረስን ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ረቡዕ የጻፍኩትን አሁን አነበብኩት። ነጠላዋን ራሷ ላይ አድርጋለች፤ ያ ፀሐይ ማንንም ያስከናንባል። እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ። ከሱ በፊት ባለው መስመር ደግሞ፦ ከግንቡ ጥላ ሥር ቆማ ነበር። ጥላ ሥር የቆመ ሰው ፀሐይ ምን አድርጎት ይከናነባል? ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ናቸው። በሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ ባየው ቀይ እስክሪብቶ እሰድበት ነበር።

አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ። ማን ላይ እንደሆነ ግን ዝርዝሩ አጥሯል።


እሑድ፣ ግንቦት 4

ሳልነቃ ወጥታለች። ኩሱም ከጀርመንታውን መጥታ ነው የወሰደቻት። ሁለቱ ተነጋግረው ኖሯል፤ እኔን ማን ይቆጥረኛል።

ተናድጄ ቁርስ በላሁ። ከበላሁ በኋላ ነው ቅዳሴ መኖሩ ትዝ ያለኝ። ቢሆንም ሄድኩ።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ወይዘሮ ጥሩነሽንና የባልቲሞሯን ሴትዮ አየሁ። ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራሷ ነጭ በነጭ ናት፤ መልካም ሴት ትመስላለች፤ ምን በወጣት። ወይዘሮ ጥሩነሽ ሰላም አሉኝና «አልወጡም እስካሁን» አሉኝ። አባንና እህቴን ማለታቸው ነው። ከዚያ ደወል ተደወለና ሁሉም ገቡ። እኔ በልቻለሁ፤ ውጭ ቀረሁ።

ብዙ ቆየ። የእናቶች ቀን ስለሆነ ማዶ ጥግ ላይ አንድ ሰው አበባ በባልዲ ይሸጣል። አንዲት አሮጊት ሲያልፉ «ተሳልመው ይግቡ እንጂ፣ ምን ያቆምዎታል?» አሉኝ። «ሰው እየጠበቅኩ ነው» አልኳቸው። የማያምን ሰው ዓይን አለ፤ በዚያ አዩኝ።

ከውስጥ ልጅ ጮኸ። ውሃው ሲነካት መሆን አለበት። ትልቅ ጩኸት ነበር፤ የጤነኛ ልጅ። ማን እንደያዛት ግን ጩኸት አይናገርም።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የወጡት ወይዘሮ ጥሩነሽ ናቸው። በአንድ እጃቸው የነጠላ ጫፍ ይዘዋል፤ የራሳቸው ነጠላ አይደለም። ነጠላው የእትዬ ዘነቡ ነው፤ ፀሐዩ ልጅቱን እንዳይመታት ከፍ አድርገው ይዘውላታል። ልጅቱ እህቴ ክንድ ላይ ናት። ቀሚሱ ልክ ሆኗታል፤ ማዕተቡ አንገቷ ላይ ታስሯል። የባልቲሞሯ ሴትዮ ከኋላ የልጅቱን ጡጦ ይዛለች። ሶስና ታለቅሳለች፤ ይህኛው ግን ሌላ ዓይነት ለቅሶ ነው። ዳዊት ፎቶ ያነሳል።

ዕልልታው በረድ ሲል ወደ እህቴ ተጠጋሁ።

«አባ ምን አሉሽ?»

«ጋዜጣ ላይ አይወጣም» አለችኝ።

«እትዬ፣ ለጋዜጣ አይደለም፣ እኔው ልወቀው ብዬ ነው።»

«ያዛት፤ እጄ ዛለ» ብላ ልጅቱን ሰጠችኝ። ልጅቱ ዓይኔን ዓይኔን አየችኝና አገጬን በእርጥብ እጇ መታችኝ።

አባ ምን እንዳሏት አላወቅኩም። እንደማላውቀውም ገብቶኛል። ያናድዳል። መስፍን ማታ ደውሎ እርማቱን ምን ላድርገው አለኝ፤ አታውጣው አልኩት። ሌላ ጊዜ ግን ጠይቅ አልኩት። እሺ አለ፤ ድምፁ ውስጥ ሳቅ ነበረበት፤ ስልኩን አልዘጋሁበትም።

የዛሬውን ያየሁትን ብቻ ልጻፍ። ከውጭ ቆሜ እህቴን ጠበቅኳት። ጥላ አልነበረም፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ባርኔጣዬን አውልቄ በእጄ ይዤው ነበር።